ካሜራው አይከፈትም

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬ አዲስ አበባ መግባት ነበረብኝ፤ ይኸው መቀሌ ቤቴ ተመልሼ ቁጭ ብያለሁ።

የሟቹን ባሌን አሮጌ ካሜራ ይዤ ነበር። ልጃችንን ሃፍቶምን በራችን ላይ አቁሞ ያነሳበት ፊልም እስካሁን በውስጡ ነው። ሃፍቶምም የለም። ሌሎቹ ፎቶዎቹ ከባሌ ፎቶ ስቱዲዮ ጋር ተቃጥለዋል። እዚህ ደግሞ ፊልም የሚያጥብ ሰው ጠፋ።

ማንም ከፍቶ ብርሃን እንዳያስበላው ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፌ፣ በእርጅናዬ በተማርኩት ፊደል «አትክፈቱ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ ይህን ሲያነብ ጭራሽ ተጠራጠረ።

«አደይ፣ ምን ቢደብቁበት ነው? ይክፈቱት።»

«ፊልም አለው፣ ይቃጠላል። አልከፍትም!»

«እንግዲያው አይሳፈሩም።»

ካሜራዬን አቅፌ ወጣሁ። ትኬቱን የገዛችልኝ ታናሽ እህቴ ለተ በባጃጅ ውስጥ ስትነዘንዘኝ መጣች።

«ፊደል ባትቆጥሪ ኖሮ ይሄኔ ደርሰሽ ነበር እኮ!»

እውነቷን ነው፤ ግን ይህን ለእሷ አልነግራትም።

ነገ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። በየኬላው ፍተሻ አለ። ፕላስተሩን መላጥ ጀምሬ ተውኩት። ይልቅ እስክሪብቶ አንስቼ ከሥሩ ጨመርኩበት፦ «ልጄ አለበት።»