ሦስት ሰው በአንድ ኮምፒውተር

ይድረስ ለእትዬ፣

ከነድካሜ እንዴት ሰነበትሽ ብያለሁ። እኔ እግሬን መጎተት ቢያቅተኝም ደህና ነኝ።

የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የፕሮግራሚንግ ውድድር ትናንት አለቀ። ለሦስት ሰው አንድ ኮምፒውተር፣ ያውም አምስት ሰዓት ሙሉ! ጥያቄውን ጓደኛዬ ታነብልኛለች፣ እኔ መፍትሔውን በቃሌ እናገራለሁ፣ ሦስተኛችን ይጽፋል። «እጅሽን ሳታነሺ አለቃ ሆንሽብን» ብለው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥያቄ በተፈታ ቁጥር ጠረጴዛችን ላይ ፊኛ ያስሩልናል፤ እኔ አራት ቆጥሬ ሳዝን ለካ አምስት ኖሯል። ሦስተኛ ወጣን፤ ይበቃል።

አባባ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶት ስፌቱን የተወው በስንት ዓመቱ ነበር? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው፤ ለእማማ ስትደውዪ እንዳታነሺባት። እሱስ ደህና ነው፤ ዛሬም በር ላይ ስደርስ በኮቴዬ ለየኝ።

በይ ጤናሽን ያብዛልኝ። ለከርሞ እመጣለሁ ያልሽውን ግን ተይው፤ ዘንድሮ ነይና መልክሽን ልየው።

ታናሽሽ