በድንገት ደግ የሆነ ሰው

ሴፕቴምበር 14፣ እሁድ

ከቸርች መልስ አባዬ ጋ ደወልኩ። ደብረ ማርቆስ መሽቷል፤ እራቱን በልቶ አልጋው ላይ ነው። ሄሎ ሳልል "ማን ሞተ?" አለኝ።

ሌላ ሰው ቢለው ያስደነግጣል። የአባዬ ግን ሰላምታ ነው። ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን የማየውን የእንግሊዞች የግድያ ድራማ ማለቱ ነው። ለእንግሊዝኛዬ ይረዳኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት... አሁን ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው እሱን ነው። እሁድ እሁድ ለአባዬ እተርክለታለሁ። "ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ፣ እንዳትዘልዪ" ይላል። መጨረሻው ጋ ስደርስ "ቆይ፣ አትንገሪኝ" ብሎ ገዳዩን ይገምታል። ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ስለነበር ወንጀለኛ ሁሉ የሚያመልጠው አይመስለውም። ሲያገኝ ይኮራል። ሲስት ደራሲውን ይሰድባል።

ዛሬ አገኘ። ፖስተኛው ነበር።

"እንዴት አወቅህ?"

"ባሏ ለሞተባት ሴት ዕቃ ሊሸከምላት መጣ አላልሽም? በድንገት ደግ የሆነ ሰው ካየሽ እሱን ያዢ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

ስለ ኩላሊቱ ስጠይቀው "እሱን ተይው፣ የዚህኛውስ ገዳይ የታወቀ ነው" አለ። ሳቅን። መሳቅ ነበረብን?

ኦክቶበር 10 የነርስ ቦርድ ፈተናዬ ነው። ሁለቴ ወድቄያለሁ። 14 ወደ አገር ቤት ትኬቴ ነው። መጀመሪያ ፈተና፣ ከዚያ አባዬ። እስከዚያ ብቻ ይቆይልኝ።

ሴፕቴምበር 17፣ ረቡዕ

በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የምመግባት አሮጊት ትናንት ሞተች። አልጋዋን አጸዳን። ከምሳ በኋላ ሌላ ሰው ተኛበት።

ድራማውን ለምን እንደምወደው ሳስብ ዋልኩ። ደም አልወድም። ሰይጣንም አልወድም። ኤልፍነሽ፣ የቸርች ጓደኛዬ፣ "የሞት መንፈስ ነው፣ ሪሞቱን ጣይው" ትለኛለች። ባሌ አንዷለም ደግሞ "በዚያች መንደር ሰው አልቆ መርማሪዋ ብቻዋን ልትቀር ነው" ብሎ ይቀልዳል። ምናልባት... እዚያ አንድ ሰው ሲሞት መንደሩ በሙሉ ይጠየቃል። የት ነበርክ? ምን ሰማሽ? መጨረሻ ላይ መርማሪዋ ሁሉንም አንድ ክፍል ሰብስባ ገዳዩን ትናገራለች። አባዬ "ይሄማ የእኛው አውጫጭኝ ነው" አለኝ። ዱሮ ንብረት ሲሰረቅ አገሩን ሁሉ ሜዳ ላይ ሰብስበው፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም ነበር አለ።

አንድ ነገር ብቻ አይገባውም። "ሬሳው ሳይቀበር ሻይ የሚጠጡት፣ ለቀስተኛ የላቸውም?" የላቸውም። እኔን ግን የተመቸኝ እሱ ይመስለኛል። ሞት አለ፣ ለቅሶ የለም።

ሴፕቴምበር 21፣ እሁድ

የትናንቱ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ጡረተኛ ኮሎኔል አበባ በሚያሳድግበት የመስታወት ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሚስት አለች። ማርማላታ የምትሠራ የሚስት እህት አለች። ዱሮ ቤታቸውን ረግጦ የማያውቅ፣ አሁን ለሚስትየዋ በየቀኑ ሾርባ የሚያመላልስ ሐኪም አለ። መርማሪዋ ያቺው ጉንፋን የማይለቃት ሴትዮ ናት።

ለአባዬ ነገርኩት። ድምፁ ደክሟል፣ በመሀል በመሀል ያርፋል።

"ማነው?"

"ሁለተኛው ክፍል ገና ቅዳሜ ነው። አንተ ሳትነግረኝ አላይም።"

"እስከ እሁድ ላስብበት።"

ከዚያ... እንጃ። "ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ሙልዬ" አለኝ። አባዬ! አስራ ሁለተኛ ክፍል ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ስወጣ "ሁለተኛዋ የማን ልጅ ናት?" ያለኝ ሰውዬ። ስለ አንዷለምም ጠየቀኝ። ጴንጤ አድርጎ ወሰዳት ብሎ "ያ ሰውዬ" ከማለት በቀር ስሙን ጠርቶት አያውቅም። ዛሬ "አንዷለም ደህና ሰው ነው፣ ስሚው" አለ። ረጅም ምርቃት መረቀኝ።

"አባዬ፣ ምን ሆነሃል?"

"ምን እሆናለሁ። ካርድሽ ሳያልቅ ልጨርስ ብዬ ነው።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ግን እስከ ትኬቴ የቀረውን ቀን ቆጠርኩ።

ሴፕቴምበር 25፣ ሐሙስ

አንዷለም ሳህን አጠበ። ሳይለመን።

ሺፍቱን ለሰው ሰጥቶ ከኤርፖርት ሥራው በጊዜ መጣ። ፌስቡክሽን እስከ ፈተናው ልዝጋልሽ፣ ያዘናጋሻል አለ። ዘጋው። ልክ ነው፣ ያዘናጋኛል። ግን ሳህን?

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ክፍል መጣ። ሪከርድ አደረግኩት፣ አላየሁም።

"እይው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ አንዷለም።

"አባዬን።"

ተነስቶ ወደ ጋራዥ ሄደ። እንዲህ ቶሎ የሚያኮርፈው ምን ሆኖ ነው?

ሴፕቴምበር 28፣ እሁድ

አባዬን የምታስታምመው እህቴ አበዛሽ አነሳች።

"ተኝቷል።"

"ቀስቅሺው።"

"መድኃኒት ወስዶ ነው፣ ይተኛ።"

"ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን።"

ከጀርባዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ጎረቤት ነው፣ ለመስቀል የመጣ ነው አለች። መስቀል እኮ ትናንት ነበር። ይሁን... ሲነሳ ገዳዩ ማን እንደሆነ አስቦ ይንገረኝ በይው አልኳት። መስመሩ ተቆረጠ። ወይ ዘጋችው።

ኦክቶበር 1፣ ረቡዕ

ኤልፍነሽ ከሰፈሯ ከክላርክስተን እስከ ስኔልቪል ቤታችን ድስት ሙሉ ምስር ተሸክማ መጣች። "አንቺ አጥኚ፣ እኔ አለሁ" ብላ መታጠቢያ ቤቴን ሳይቀር ፈተገችው። ውኃ ልጠጣ ስወጣ ከአንዷለም ጋር ኩሽና ውስጥ በሹክሹክታ ያወራሉ። ሲያዩኝ እሷ ስለ አየሩ ጀመረች። ሀበሻ ስለ አየር የሚያወራው መቼ ነው?

በድንገት ደግ የሆነ ሰው ካየሽ...

ባሏን ፈትታ ሁለት ዓመቷ ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ። አሰብኩት ግን።

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ

አለቃዬ ሳልጠይቃት እስከ ፈተናው ኦፍ ሰጠችኝ። ባልሽ ደውሎ ነበር አለች። የባሌና የአለቃዬ ትውውቅ ከየት መጣ?

አንዷለም ሻወር ሲገባ ስልኩን አየሁ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ኤልፍነሽ። ኤልፍነሽ። አበዛሽ። ኤልፍነሽ። አበዛሽ።

አበዛሽ? የኤልፍነሽስ እሺ፣ እህቴ ከእሱ ጋር ምን አላት? ድራማው ላይ ቢሆን እስካሁን ደርሼበት ነበር። የራሴ ቤት ሲሆን ጭንቅላቴ አይሠራም። ሁለቱን አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው አይገጥሙም።

ኦክቶበር 5፣ እሁድ

ቸርች ሁሉም አቀፈኝ። አስተቃቀፋቸው ረጅም ነው። ጋሽ ንዋይ፣ ሽማግሌያችን፣ ራሴ ላይ እጃቸውን ጫኑ። ስለዚህ ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አዘኑልኝ። እንዲህ የሚታዘነው ባሏ ለወሰለተባት ሴት ነው።

አበዛሽ ዛሬም አነሳች። ሐኪም እንዳያወራ ከልክሎታል አለች። ገዳዩንስ አልነገረሽም? ነግሮኛል፣ በኋላ እነግርሻለሁ አለች። የምን በኋላ ነው?

ማታ አላስቻለኝም። "ከኤልፍነሽ ጋር ምን አላችሁ?" አልኩት። መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ከዚያ አንዷለም አለቀሰ። ስንጋባም፣ እናቱ ስትሞትም ሲያለቅስ አላየሁትም።

"ሙሌ፣ እስከ ፈተናው ጠብቂኝ። ሁሉንም እነግርሻለሁ። በእግዚአብሔር ስም።"

አመነ ማለት ነው? ድራማው ላይ ጥፋተኛ አያለቅስም፣ ይክዳል። ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል... እሱን አላስበውም። አላስበውም አልኩ።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ነገ ነው። ካለፍኩ በኋላ እፋታዋለሁ። ወይ አልፋታውም። መጀመሪያ አባዬን አማክራለሁ።

ኦክቶበር 10፣ ዓርብ

ጨረስኩ። እንዴት እንደነበር አላውቅም። አንዷለም ሥራ ቀርቶ ፓርኪንጉ ውስጥ ሲጠብቀኝ ዋለ።

"በል ንገረኝ።"

"ነገ ጠዋት" አለ። ቀበቶዬን ራሱ አሰረልኝ፣ ለሕፃን እንደሚታሰር።

ማክሰኞ አባዬን አየዋለሁ። ሻንጣ ማዘጋጀት አለብኝ።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

"ማን ሞተ?" አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት፣ በገዛ አፌ።

ኦክቶበር 19፣ እሁድ

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ከለቀስተኛ ባዶ ነው። ልጻፈው።

ያን ጠዋት ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ከመኝታ ቤት ስወጣ ሳሎኑ ሙሉ ነው። ጋሽ ንዋይ አሉ። ኤልፍነሽ ነጠላ አጣፍታ ቆማለች። ከኮንየርስ ድረስ የመጡ አሉ። ሁሉም ጥቁር ለብሰው እኔን ብቻ ያያሉ። መጀመሪያ የመጣልኝ ምን እንደሆነ ብናገር ያፍሩብኛል። የድራማው መጨረሻ ነው የመሰለኝ። ሁሉም ተሰብስቧል፣ አሁን ስም ይጠራል። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እንዴ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ጠየቅኩ። ጋሽ ንዋይ "አባትሽ አርፈዋል፣ ልጄ" አሉ።

መቼ? ሴፕቴምበር 23። እኔ ካናገርኩት በሦስተኛው ቀን። እና ከዚያ ወዲህ ስበላ፣ ስስቅ፣ ቸርች ስዘምር፣ አባዬ አፈር ገብቶ ነበር። አበዛሽ ጉንፋን አልያዛትም። ጎረቤቱ ለመስቀል አልመጣም። መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ አላውቅም? እኔ ራሴ ለስንት ሰው አፌን ይዤ ከሽማግሌዎች ጋር በር አንኳኩቻለሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ተናደድኩ። አሁንም ተናድጃለሁ። የአንዷለምን ሸሚዝ ይዤ "የማን ሐሳብ ነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገኝ?" አልኩት። ስልኩን ሰጠኝ፣ አበዛሽ ነበረች።

"የእሱ ነው" አለች። "የራሱ የአባዬ። ሰኞ ማታ ሁላችንንም አስማለን። 'ፈተናዋን ሳትጨርስ የነገራት፣ አጥንቴ እሾህ ሆኖ ይውጋው' አለ። ለአንዷለምም ራሱ ደውሎ ነገረው።"

ራሱ። ለ"ያ ሰውዬ"።

በድንገት ደግ የሆነ ሰው ካየሽ እሱን ያዢ ብሎኝ ነበር። አንዷለምን ያዝኩ። ኤልፍነሽን ያዝኩ። ከሁሉ በፊት "ጎበዝ ልጅ ነሽ" ያለኝን ሰውዬ እንዴት አልያዝኩትም? እየነገረኝ ነበር እኮ። ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁ።

ኤልፍነሽ እንደጠረጠርኳት ሰምታ ኖሮ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛ መሀል፣ ጆሮዬ ሥር "በዚህ ባልሽ?" አለችኝ። ሳቅሁ። አባቴ ሞቶ ሳቅሁ። ከዚያ እንደገና ማልቀስ አቃተኝ፤ እሷ አለቀሰችልኝ።

ፈተናውን አልፌያለሁ። ማንም እንኳን ደስ አለሽ ለማለት አልደፈረም። ትኬቴ ወደ አርባው ተዛወረ።

አበዛሽ አንድ ነገር ጨምራ ነበር። "ደግሞ ገዳዩ ሐኪሙ ነው በያት ብሏል። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። አትርሺ፣ አትርሺ ሲለኝ ነበር።"

ዛሬ ከሰዓት ሁለተኛውን ክፍል ከፈትኩ። አላይም ብዬ ነበር። ባላየው አባዬ ልክ እንደሆነ ይቀራል ብዬ። ግን እሱ ቢሆን ሳያይ አያድርም ነበር።

ሐኪሙ አይደለም። ኮሎኔሉ በሽተኛ ነበር፣ ለሚስቱ እንዳይነግርበት ሐኪሙን ቃል አስገብቶታል። ሾርባውን የሚያመላልሰው ስለሚያውቅ ነው። የገደለችው ባለ ማርማላታዋ ናት። መርማሪዋ አፍንጫዋን እየጠረገች ሁሉንም ተናገረች፤ ከዚያ እንደተለመደው ሻይ ጠጡ።

አባዬ ሳተ። ስልኬን አነሳሁ። እሁድ ነው፣ ደብረ ማርቆስ መሽቷል፣ አልጋው ላይ... ደራሲውን እንዲሰድብልኝ። ስሙ ላይ ስደርስ ነው ያስታወስኩት።

ከዚህ በኋላ የት እንደሚኬድ አይገባኝም። ድራማው ላይ ጥፋተኛው ሲታወቅ ያልቃል። እኔ አወቅኩ። ምንም አላለቀም።

አንዷለም ኩሽና ውስጥ ሳህን ያጥባል። አሁንም። መርዶው ከወጣ በኋላ ያቆማል ብዬ ነበር።

"ተወውና ና" አልኩት። እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠ፣ ራቅ ብሎ፣ አሁንም የምጮህበት መስሎት።

"ገዳዩን ልንገርህ" አልኩት።

ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየ።

"ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ" አለ። "እንዳትዘልዪ።"