አክስቴን ስለዋጠቻቸው እዝባር

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፦

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም ማንም እንደማይነካው የክፍልዎ ስልክ ያልተረበሸ ይሁንልዎ እያልኩ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ይህን የምጽፈው እቴቴ የምንላቸውን አረጋዊት አክስቴን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ይዤ በመጣሁ ዕለት ስለተደረገልን መስተንግዶ ሳላመሰግን ብቀር ስለሚከነክነኝ ነው።

አንደኛ፤ አክስቴ መኖራቸውን ስለተጠራጠሩልን እናመሰግናለን። ካርድ ሲያወጡ ስማቸው ከነማዕረጉ «ወ/ሮ» ተብሎ ገብቶ ስለነበር፣ መዝጋቢዋ በዚያው አጻጻፍ ፈለገቻቸው። አዲሱ የፍለጋ ሳጥንዎ ግን ያቺን ያጋደለች እዝባር እንደ ፊደል ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ፣ የቀረው ትእዛዝ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ቆየና «እንዲህ ያለ ሰው የለም» አለ። አክስቴ መስኮቱን ተደግፈው «ኧረ አለሁ፣ የኔ ልጅ! ትናንትም ነበርኩ» ቢሉም፣ መዝጋቢዋ አንገቷን ደፍታ «እማማ፣ ሲስተሙ የለም ካለ እኔ ምን ላድርግ» አለቻቸው። ሐኪሙ ደግሞ እስከ ምሳ ካልገቡ ተራቸው ወደሚቀጥለው ወር እንደሚዛወር ነግሮናል፤ አክስቴም በዚያን ጊዜ ሰው የሚለዩት በድምፁ ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፤ መዝጋቢዋ ደጋግማ የደወለችው ስልክ በመጨረሻ ሲነሳ ከክፍልዎ የተሰጠው ምክር ልዩ ምስጋና ይገባዋል። «እዝባሯን አጥፊና የኮከብ ምልክት አስገቢ» ተባለች፤ አስገባች። ኮከቧ ለካ «ሁሉንም አምጣ» ማለት ኖራለች! የሆስፒታሉ በሽተኛ በሙሉ፣ ከተወለደው እስከ ሞተው፣ ስክሪኑ ላይ ይግተለተል ጀመር፤ የየመስኮቱ ኮምፒውተርም ቀጥ አለ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ፤ ክንዱ የተሰበረ አንድ አናጢ እንኳ በደህና እጁ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈር ነበር። ማሽኑ ሲነቃ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለችውን ነፍሰ ጡር መርጦ ኖሮ፣ እቴቴን ወደ ማዋለጃ ክፍል ላካቸው። አዋላጇ ቀና ሳትል «ስንተኛዎ ነው» ብትላቸው፣ ልጅ ሳይወልዱ ያረጁት አክስቴ ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው «የመጀመሪያዬ ነውና ቀስ በይ!» አሏት።

ሦስተኛ፤ እርስዎ ራስዎ ወርደው ችግሩን ስለፈቱልን ቃላት ያጥረኛል። ከእዝባሯ ፊት ወደ ኋላ ያጋደለች ሌላ ጭረት ስትቀድም፣ ማሽኑ «ይህች ተራ ምልክት ናት» ብሎ እንደሚያልፋት አስረዱን፤ እውነትም አክስቴ ተገኙ። ነገር ግን ሳጥኑም፣ መዝገቡም፣ ማተሚያውም ያንኑ ጥንቃቄ በየተራ ስለደገሙት፣ ታትሞ ለዓይን ሐኪሙ የደረሰው ወረቀት «ወ\\\\\\\/ሮ» ይል ነበር፤ ለስማቸው ቦታ አልተረፈም። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ ሲያቅተው፣ ቤት ውስጥ ምን ብለን እንደምንጠራቸው ጠየቀኝና ኮሪደሩ መሀል ቆሞ በሙሉ ድምፁ «እቴቴ!» አለ። «አቤት!» አሉ አክስቴ፣ እስከዚያ ድረስ ካልተለቀቁበት ከማዋለጃው በር። ክቡር ኃላፊ፣ በዚያ ቀን በሆስፒታሉ ውስጥ በአንድ ሙከራ የተሳካው ፍለጋ ይኸው ብቻ ነው።

ከምሳ በፊት ገቡ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት እኔን ሲሆን፣ ትክ ብለው ካስተዋሉኝ በኋላ «ውይ! መቼ ነው እንዲህ የሸበትክብኝ» ብለው እየሳቁ አለቀሱ፤ እኔም እንደዚያው። ለዚህ ግን የማመሰግነው ሐኪሙን ስለሆነ እርስዎን አላስቸግርም።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣ በስክሪን ባይታዩም በአካል ያሉትን ሁሉ በመወከል፣

ስሙ ውስጥ ጭረት ስለሌለ ብቻ የሚገኘው የእቴቴ የወንድም ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በመጀመሪያ በድረ ገጽዎ የአስተያየት ሳጥን ልኬው «ያልተፈቀደ ምልክት» ተብሎ ተመልሶብኛል። ምልክቱ የጥያቄ ምልክት ነው። ጥያቄዎቼን በሙሉ አውጥቼ ስልከው ወዲያው ተቀብሎ፣ «ስለ ሥራችን ስለሰጡን አድናቆት እናመሰግናለን» ብሎኛል።