ስለ እቴቴ አሟሟት ያልነገርኩህ

ይድረስ ለወንድሜ ለአያ አስናቀው፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የጅግጅጋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ማስተዋልስ ወገቧ ተሻላት? እኔ፣ ባለቤቴ ወንዴና ልጃችን ዳግማዊት ቆመን እንሄዳለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሸጋ ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

አያ፣ ያሳደገችን አክስታችን እቴቴ ወለተ ሚካኤል ስታርፍ «እርጅና ነው» ብዬ በስልክ ነግሬህ ነበር። እርጅና አልነበረም። ባለፈው ሳምንት አርባዋ ወጣ፤ ከዚህ በላይ በሆዴ ይዤው መኖር አቃተኝ።

ለፋሲካ ከድብ ባሕር መጥታ እኔ ዘንድ ነበረች። ቅዳሜ ዶሮዋን በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጥቤ ብልት አወጣሁ። ለነገ ሥራ ይቅለለኝ ብዬ በዚያው መክተፊያ፣ በዚያው ቢላ ቲማቲም ከትፌ ሰላጣ ሠራሁ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ አይሠራም ነበርና ሰላጣው ጠረጴዛ ላይ አደረ። እሑድ እቴቴ፣ ጥርስ የላትም መቼም፣ ሥጋውን ትታ «ይኸ ለስላሳው ይሻለኛል፤ ምነው ሰሰትሽ፣ ጨምሪልኝ እንጂ» አለችኝ። ሁለቴ ጨመርኩላት።

ሰኞ ሆዷን ቆረጣት፤ ትኩሳትና ተቅማጥ ተከተለ። እኔ «ከጾም በኋላ ቅባት በዝቶባት ነው» ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት። ማክሰኞ ዳግማዊትም እኔም ታመምን። ረቡዕ የእቴቴ ዓይን ጎድጉዶ ሽንት እምቢ ሲላት ሐኪም ቤት ወሰድናት። በደም ሥሯ ውኃ ቢሰጧትም ዐርብ አረፈች።

ሐኪሟ ፀደይ በምርመራው ሳልሞኔላ የሚባል ተህዋስ እንደተገኘ ነገረችኝ። ማን ምን እንደበላም ጠየቀችኝ። ወጡን ሁላችንም በልተናል፤ እቴቴም መረቁን ቀምሳለች፤ ቲማቲም የማይወደው ወንዴ ብቻ አልታመመም። «ወጡንማ እሳቱ አድኖታል። ከጥሬው ዶሮ በመክተፊያው ወደ ሰላጣው ተሻግሮ ነው። ሎሚ አይገድለውም፤ ስታጥቢው የሚፈናጠቀው ውኃም ያዛምተዋል» አለችኝ። ቀድመን ብንመጣ ትተርፍ ነበር ወይ ብላት «ለሽማግሌና ለሕፃን አንድ ቀንም ብዙ ነው» አለችኝ።

መክተፊያውን አቃጠልኩት። ግን ጉሊት ላይ ቲማቲም ባየሁ ቁጥር «ጨምሪልኝ» ስትል እሰማታለሁ። ዞር ስል ማንም የለም። እጄን መታጠብ ከጀመርኩም ወንዴ ቧንቧውን ካልዘጋብኝ አላቆምም።

ለአርባዋ የዕድር ሴቶች ሊያግዙኝ ሲመጡ ለጥሬው ዶሮ ቢላና መክተፊያ ለብቻ ለየሁ። ምነው ሲሉኝ ሁሉን ነገርኳቸው። ጎረቤቴ ሸዋአየሁ አቀፈችኝ። አንዷ ግን ሳህኗን አስቀምጣ ወጣች፤ አልፈርድባትም።

ማስተዋልም ጥሬ ዶሮ የነካ ቢላ በሳሙናና በፈላ ውኃ ሳታጥብ ሌላ ምግብ እንዳትነካበት አደራ በላት። ተቅማጥ የያዘው ሽማግሌ ወይም ሕፃን ካለ ቀን አትጠብቁ።

አያ፣ እናት የሆነችንን ሰው በእጄ አጣናት። ብትቆጣ ቁጣህን ጻፍልኝ፤ ዝም ብቻ አትበለኝ።

ማስተዋልን ሳምልኝ፤ ልጅህን ህሩይን በርታ በለው፤ ትንሿን ውዴን ጉንጯን ሳምልኝ። ወንዴ ሰላም ይልሃል። ዳግማዊትም ሰላም ትልሃለች፤ እቴቴ መቼ ነው የምትመለሰው እያለች ትጠይቀኛለች።

ታናሽ እህትህ የትነበርሽ
አዘዞ፣ ጎንደር
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.