ጎን ያላስቀየርኩበት ጨዋታ

ጥር 4፣ 2005
ፊሽካዬን በሎሚና በሙቅ ውሃ አጠብኩ። ሁለት ሳምንት ቀረኝ... ከዚያ በቃ፣ ጉልበቴ እምቢ ብሏል። ነገሌ ላይ ሃያ ዓመት ቅርጫት ኳስ ስዳኝ የወሰንኩትን መልሼ አላውቅም። አንድም ቀን! ይህንን ለእናትነሽ ስነግራት ሽንኩርት እየላጠች "ቤት ውስጥስ መች ተሳስተህ ታውቃለህ?" አለች። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ዛሬም ታሽሟጥጠኛለች።

ጥር 9
ከበድሪያ ጋር ደንብ ስንከልስ ዋልን። የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህርት ናት፤ አብራኝ መዳኘት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ። "አካም ጋሼ፣ ናጋ?" ብላ በኦሮምኛ ሰላም ትለኝና ሳትቀመጥ ጥያቄ ትጀምራለች።
"ኳሱ ቀለበቱና ሰሌዳው መሀል ቢሰካስ?"
"የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ቀስት እዪ። ተራው የማን እንደሆነ ይነግርሻል።"
"ተሳስቶ የራሱ ቅርጫት ውስጥ ቢያገባስ?"
"ነጥቡ ለተቃራኒው ቡድን።"
"ዳኛው ራሱ ቢሳሳትስ?"
"ጥሩ ዳኛ አይሳሳትም" አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ደስ አለኝ።

ጥር 17
ነገ የመጨረሻው ጨዋታዬ ነው። የጦር ካምፑ ቡድን ከፊልቱ ወጣቶች። ሸሚዜ ተተኩሷል።

ጥር 18
እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ሜዳችን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራቡ ቅርጫት የሚያጠቃ ቡድን ፀሐይዋ ዓይኑን ታጠፋዋለች። ከእረፍት በኋላ ጎን መቀየር እኛ ጋ ቀልድ አይደለም። የመጀመሪያውን አጋማሽ ፊልቶች ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ እየገባች ተጫውተው እንኳ እኩል ወጡ።

በእረፍቱ የካምፑ አሰልጣኝ ሻምበል ብርሃን ድምፅ ማጉያ ያዙ። "ሃያ ዓመት ያልተሳሳተ ዳኛ!" ብለው የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ተጨበጨበ። እናትነሽ እልል አለች። ልቤ አበጠ፣ ምን እደብቃለሁ? ሰዓቱን ለእሷ ሰጥቼ ሮጥ ብዬ ገባሁ። ኳሱን አቀበልኩ፣ በእጄ አቅጣጫ አሳየሁ፣ ጨዋታው ቀጠለ።

ሦስት ደቂቃ። ካምፑ ስድስት አገባ፣ ፊልቱ ሁለት። የፊልቱ አምበል ሳቢር ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ሆኖ ሳተ፤ ኳሱ ወጣ። ዓይኑን በማልያው ጠረገ። ያኔ ነው የገባኝ። አሁንም ወደ ፀሐይ ነው የሚያጠቁት! ጎን አላስቀየርኩም።

በድሪያን አየኋት። አንገቷን አቀርቅራለች። ጠረጴዛው ጋ ያሉትም አልነቁም። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? አሥራ ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው... ሃያ ዓመቴ ንጹህ ሆኖ ያልቃል። ኳሱ እጄ ላይ ነው። ገና ሳልናገር አፈርኩ።

ፊሽካዬን ነፋሁ። "ጎን ይቀየር! ስህተቱ የኔ ነው።"

ጉድ ፈላ። ሻምበል ብርሃን "አሁን ነው ትዝ ያለዎት?" ሳቢር ደግሞ "የእነሱ ስድስት ነጥብ ይሰረዝ!"
"አይሰረዝም። እስካሁን የገባው ሁሉ ይቆጠራል፤ ሰዓቱም ወደ ኋላ አይመለስም። ደንቡ ይኸው ነው።"
ሁለቱንም ወገን በአንድ ፊሽካ አስቀየምኩ።

ካምፑ 58 ለ 56 አሸነፈ። በሁለት ነጥብ! በእኔ ስህተት ጊዜ ደግሞ በአራት በልጠው ነበር...

ሲያልቅ ሳቢርን "ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኩት።
"እንግዳ ነን ጋሼ። የአገሩ ደንብ መሰለን።"
ከስድቡ ሁሉ ይቺ አንገበገበችኝ።

ጥር 19
ከቤት አልወጣሁም። እናትነሽ ሰዓቱን ሳሎን ሰቀለችው። "አውርጂው" አልኳት። "ሰዓቱ ምን አጠፋ?" ሳልፈልግ ሳቅኩ።

ጥር 23
በድሪያ መጣች። ሻይዋን ሳትቀምስ ጀመረች።
"ጋሼ... እኔ ቀድሜ አይቼ ነበር።"
"ታዲያ ለምን አልነፋሽም?"
"እርስዎ አይሳሳቱም ብዬ... የተምታታብኝ እኔ መሰለኝ።"

እንግዶቹ ዝም አሉ፣ እሷም ዝም አለች። ሃያ ዓመት ስንቱ እንዲህ ዝም ብሎኝ ይሆን? ደብተሯን አስመጣሁና ያንን ያጻፍኳትን በገዛ እጄ ሰረዝኩት። "ከእንግዲህ ስሳሳት ጆሮዬ ሥር ንፊብኝ" አልኳት። ዕንባዋ መጣ መሰለኝ፤ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ጥር 30
የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሰው ደወለ። አፉ ተያያዘ። ፊልቶች ለውድድራቸው ዳኛ ይፈልጋሉ። "ስምዎን አላወቁትም ጋሼ... እንዳይቀየሙ..." "በል ተናገር!" "ያ ተሳስቻለሁ ያለው ሽማግሌ ይምጣልን ነው ያሉት።"
ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ። የተሸነፉት እነሱ፣ የጠሩኝም እነሱ!

የካቲት 8፣ ፊልቱ
ጉልበቴን በፋሻ ጠቅልዬ መጣሁ። ዋና ዳኛ በድሪያ ናት፤ እኔ ረዳቷ። አንዴ መስመር የረገጠውን ሳላይ ቀርቼ ኖሮ ነፋችብኝ። እጄን አውጥቼ እሺ አልኩ።

ከእረፍት በኋላ ወደ ሜዳው ስገባ ከተመልካቹ መሀል አንዱ "ተሳስቻለሁ መጣ!" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሳቀ።
"አቤት!" አልኩት።