ቢጫ ሰደርያ

ለታናሽ ወንድሜ፣ ካለህበት በሰላም ይድረስህ።

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ከዱቄቱ ጆንያ ጋር ታርቋል? አሁንም ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው ተነስተህ ምድጃ የምታቀጣጥለው? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፤ ይሄኔ በቅሎላታል። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ስለ አንተ በጠየቀችኝ ቁጥር «ደህና ነው» እላታለሁ። አንተን ሳልጠይቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና አድርጌህ ኖሬያለሁ።

ለምን አልደወለም እንዳትለኝ፤ ደውዬ ነበር። ባለፈው ክረምት «ሃሎ፣ ዳቦ ቤት» ስትል ድምፅህን ሰምቼ ዘጋሁት። ደንበኛ ያመለጠህ መስሎህ ከሆነ ይቅርታ። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት ላይ ምላሴ አይያዝም፣ ፊትህንም አላይም።

ጽሑፌ ቢወላገድብህ ታገሰኝ። ፀጉር ቤቱ እንዳለ ነው፤ ሦስቱ ወንበሮች፣ ጥጉ የተሰነጠቀው መስታወት፣ ወሬውም ጭምር። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ ምላጩን ለልጄ ለቅቄላታለሁ። ጢም እሷ ትላጫለች። እኔ የምይዘው ቶንዶሱን ብቻ ነው፤ እሱ እንደሆነ ራሱ ስለሚነዝር በእጄ ላይ አያሳብቅም። ደንበኞቹ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር። ሴት ልጅ ምላጭ አንገታቸው ላይ ስታሳርፍ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩም ነበሩ። አሁን እሷ ከሌለች «ነገ እንመለሳለን» ብለው ይወጣሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የላጨኋቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለፈው እሁድ የሃያ አንድ ኪሎ ሜትሩ ሩጫ ነበር። ያው የምታውቀው ነው፤ ከስታዲየሙ በር ተነስቶ፣ የባቡር ሐዲዱን ይዞ፣ በፋብሪካዎቹ በኩል ዞሮ እዚያው በር ላይ የሚያበቃው። ዘንድሮ የሩጫ ቡድናችን አሠልጣኝ አዲስ ኃላፊነት ሰጠኝ። ከሁሉም ኋላ የሚሮጥ ሰው እንዳለ ታውቃለህ፤ ቢጫ ሰደርያ ይለብሳል፣ ማንንም አይቀድምም፣ ሥራው የመጨረሻውን ሯጭ ብቻውን አለመተው ነው። ዘንድሮ ሰደርያው ለእኔ ደረሰ። አንተ ልምድ ያለህ ሰው ነህ፣ ከሰዓት ጋር መታገሉ ይብቃህ አለኝ። እኔ ደግሞ ለሰዓት ሟች እንደሆንኩ ታውቃለህ። ቡድኑ «ደቂቃ» የሚል ስም ያወጣልኝ በከንቱ አይደለም፤ በአንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ የጨረስኩበት ወረቀቴ ተሰቅሎ ፀጉር ቤቱን ሲያስጌጥ ኖሯል። ቢሆንም ለሌላውም ማሰብ ደግ ነው ብዬ እሺ አልኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ከመጨረሻው ሰው ኋላ ኋላ ሶምሶማ ስረግጥ ዋልኩ። ከፊቴ የነበረው ሽማግሌ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። አይዞህ አልኩት፣ ውሃ አቀበልኩት። አሳዘነኝ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ማክሰኞ ነው። ዛሬ ሐሙስ ደግሜ ሳነበው ራሴን ታዘብኩት። ሰደርያውን የለበስኩት እኔ አይደለሁም። ሽማግሌው ነኝ።

ወረቀቱን ቀድጄ እንደ አዲስ መጀመር እችል ነበር። ተውኩት። እንዴት አሳምሬ እንደምዋሽህ በገዛ ጽሑፌ ብታየው ይሻላል፤ ይሄ የመጀመሪያው አይደለምና።

የዛሬ ሁለት ዓመቱን ታስታውሳለህ፤ እንዴት ትረሳዋለህ። ሐኪሙ ክብደት ቀንስ ብሎህ፣ ና አብረን እንሩጥ ያልኩህ እኔ ነኝ። ምድጃህን አጥፍተህ፣ ጆሮህ ውስጥ ዱቄት እንዳለ ወደ ሐዲዱ ትመጣ ነበር። እኔ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አብሬህ ሳልሄድ ጥዬህ እሄድና፣ ስመለስ መንገድ ላይ ሳገኝህ በርታ እልሃለሁ። አንተ ትስቃለህ። አራት ወር እንዲህ ሆንን። ለውድድሩ ቀን የተስማማነው አንድ ነገር ነበር፤ ቀድሞ የደረሰ መጨረሻው ላይ በአየር የሚነፋው በር ሥር ይጠብቃል፣ ከዚያ አብረን ፎቶ ተነስተን አብረን ቤት እንገባለን።

እኔ ደረስኩ። ያ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ወረቀት የዚያን ቀን ነው። ከቡድኑ ሰዎች ጋር ከበሩ ማዶ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሁሉም ደንበኞቼ ናቸው፤ ፋርማሲስቱ፣ የመኪና መንዳት አስተማሪው፣ ያ ጠበቃ። ሩጫው ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። ሰው አለቀ። ጠበቃው ወንድምህ ዳቦውን እየጋገረ ነው እንዴ የሚመጣው አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ከፋብሪካዎቹ በኩል ብቅ አልክ። ሸሚዝህ ከሆድህ በላይ ተሰብስቧል፣ ጉንጭህ ቲማቲም መስሏል፣ ከኋላህ አንዲት ባለ ቢጫ ሰደርያ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ የደከመውን የሚጭነው መኪና መብራቱን እያብለጨለጨ። ፋርማሲስቱ ያንተ አይደለም ወይ ሲል ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት። የእኔ አቋርጦ ቤቱ ገብቷል፣ እኛም እንሂድ አልኩ። በፋርማሲስቱ መኪና ሄድን።

ከሰዓት በኋላ ስትደውል ምን እንዳልኩህ ታውቃለህ። በሩን አየር እስኪያወጡለት ጠበቅሁህ፣ ያቋረጥክ መሰለኝ አልኩህ። አንተም «ምንም አይደለም፣ ወንድም ጋሼ» አልከኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሐዲዱ አልመጣህም። በስድስተኛው ወር ደግሞ በባለቤትህ አገር ዳቦ ቤት ከፈትክ ብለው ሰዎች ነገሩኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ ሩጫው ከበደው እያልኩ ስመልስ ኖርኩ። አይተኸኝ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስላጭም ስበላም ያችን ነገር አሰላስል ነበር፤ አይቶኛል ወይስ አላየኝም።

አሁን ስለ እሁዱ እውነቱን ልንገርህ። ካምና ጀምሮ ቀኝ እግሬም እንደ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ሐኪሙ ስም አውጥቶለታል። ስሙ ረጅም ነው፣ ስንገናኝ እነግርሃለሁ። ሩጫ የከለከለኝ እንዳይመስልህ፤ እስከቻልክ ድረስ ሩጥ ነው ያለኝ። እኔም እሮጣለሁ፣ ሩጫ ከተባለ። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከፊቴ የሚታይ ሰው አልነበረም። ቡድኑ እየሳቀ ትቶኝ ሄደ። ምን ያድርጉ፣ እኔ ያስተማርኳቸው ነው።

ከኋላዬ ያለችው ባለ ሰደርያ የሒሳብ አስተማሪ ናት። አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ «አይዞህ አባባ» ብላኝ ተቀየምኳት። ገና ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው አልኳት። እሺ ጋሼ አለች፣ እሱም ብዙ አልጣመኝም። ወንድሜ፣ ያ መንገድ ለመጨረሻ ሰው ሌላ መንገድ ነው። አሥራ ሁለተኛው ላይ የውሃ ጠረጴዛው ታጥፏል፤ የተረገጠ ኩባያ ብቻ ነው ያለው። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ እንድናልፍ መጥረጊያዋን አነሳችልን። ትራፊኩ መንገዱን ስለከፈተው እግረኛ መንገድ ላይ ወጣን። ቁጥር ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ የዳቦ ፌስታል ከያዙ ሰዎች ጋር እየተጋፋሁ እሮጣለሁ። ሁለት ጊዜ መኪናው ላይ ልውጣ ብዬ ነበር። አስተማሪዋ ሾፌሩ ሲዘፍን ብትሰማው በእግርህ መሄዱን ነው የምትመርጠው ብላ አስቀረችኝ።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ወሬ ስናወራ፣ ወንድሜም በአንድ ወቅት ይህን ሩጫ ሮጧል፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው አልኳት። እሷም፣ ሳቂታ ነው፣ ወፈር ያለ፣ ጆሮው ላይ ዱቄት ያለበት ስትል ጠየቀችኝ። የዚያን ቀንም ሰደርያውን የለበሰችው እሷ ነበረች።

የነገረችኝን እንደነገረችኝ እጽፍልሃለሁ። ስትደርስ በሩ ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቷል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀይ ካናቴራ የለበሰ ወንድሜን አይታችኋል ወይ ብለህ ጠየቅህ። ሁሉም ሰው ሄዷል አሉህ። አንተ ግን እሱ ሳይጠብቀኝ አይሄድም፣ አንድ ነገር ቢሆን ነው አልክ። ትደውላለህ፣ የእኔ ስልክ ዝግ ነው። ቤት እንዳትደውል ባለቤቱን አስደነግጣለሁ ብለህ ፈራህ። የመጀመሪያ ርዳታ ድንኳን ሄድክ፣ የለም። ከዚያ በዚያ እግርህ ወደ መጣህበት መንገድ ተመለስክ። አስተማሪዋ አሳዝነሃት በመኪናው ይዛህ ሃያ አንዱን ኪሎ ሜትር እንደገና ዞራችሁ። አንገትህን በመስኮት አውጥተህ የውሃ መውረጃ ቦዩን ሁሉ ስታይ፣ ወንድም ጋሼ እያልክ ስትጣራ ነበር አለችኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ገብታችሁ ድንገተኛ ክፍሉን ጠየቃችሁ። ስልኬ የተከፈተው የዚያን ጊዜ ነው። እኔ ታጥቤ፣ በልቼ፣ እንቅልፌን ጠግቤ መነሳቴ ነበር።

አንተ ስትደውል አጠገብህ ነበረች። ስልኩን ዘግተህ «ተመስገን፣ ደህና ነው፣ ደክሞት ነው» አልካት። ከዚያ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጠህ አለቀስክ። ለቡድኑ ሰዎች እንዳትነግሪ፣ ወንድሜ ያፍራል ብለህ ተማጠንካት። እሷም እስከ እሁድ ድረስ አልነገረችም።

እንግዲህ አላየኸኝም። አይተኸኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አይተህ ተቀይመህ ብትሄድ ኖሮ እኩል እንሆን ነበር። አንተ ግን የሞትኩ መስሎህ ፈልገህ ፈልገህ፣ ውሸቴን ስትሰማ በሕይወት መኖሬ በልጦብህ ተመስገን ያልክ ሰው ነህ። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪዋ ደከመህ ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት። የቀረውን አራት ኪሎ ሜትር ጨረስነው።

ስደርስ ሁለት ሰዎች በሩን እንደ አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘው ያጥፋሉ። የሜዳሊያው ካርቶን ተጭኖ ሄዷል። በረንዳው ላይ ማንም አልነበረም። አንተ ቆመህ የጠየቅህበት ቦታ የትኛው እንደሆነ አስተማሪዋን አሳዪኝ አልኳት፤ አሳየችኝ፣ ትንሽ ቆምኩበት።

ሰኞ ፋርማሲስቱ ፀጉሩን ሊስተካከል መጣ። ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ ያ የዛሬ ሁለት ዓመት አይደለም ያልኩህ ሰውዬ ወንድሜ ነበር አልኩት። «የቱ ሰውዬ?» አለኝ። ጨርሶ አያስታውስም። እኔ እሱ እንዳይታዘበኝ ብዬ ነበር አንተን የካድኩህ። የሃምሳ ሁለት ደቂቃውን ወረቀት የዚያን ቀን ከግድግዳው አወረድኩት። ልጄ ለምን ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት። እናቷም ሰማች። ያን ቀን ቤት ውስጥ ያናገረኝ የለም፣ እውነታቸውን ነው።

ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ። ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

ከሦስት ወር በኋላ እናንተ ከተማ የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ እንዳለ ሰምቼ ተመዝግቤያለሁ። ልጄ ይዛኝ ትመጣለች። አንተም ልትሮጥ ብትመጣ ደስታዬ ነው፤ ባትመጣም አልፈርድብህም፣ ከተማህን አይቼ እመለሳለሁ። ከመጣህ ግን አደራህን፣ ለእኔ ብለህ እግርህን አትያዝ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ከኋላዬ መጥተሃል፤ አሁን በራስህ እግር ሂድ። ስትደርስ ጥላ ያለበት ፈልገህ ቁጭ በል። እኔ እቆያለሁ።

ምድጃህ አይብረድ፣ ወገብህ አይጉበጥ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ አንብብላት፣ እሷም ትወቀው። ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ከኋላህ የምመጣው
ታላቅ ወንድምህ