ያላጠበቅኩት ክዳን

ይድረስ ለብርቄ፣

የህንድ ቆሎሽን ያለሰለሰው እኔ ነኝ። ሰላምታ ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት፣ በሰላምታ ከጀመርኩ እንደ ልማዴ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ወረቀቱ ያልቅብኛል ብዬ ነው። አሁን እንደምን አለሽ ልበልሽ። ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ።

በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ ስውል ትኮሪብኝ ነበር። ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል ስጀምር ግን አምስት ሰዓት ሲሆን እግሬ ወደ ወጥ ቤት ይሄድ ጀመር። አንድ ጭብጥ ብቻ። ያ የቆሎ ቆርቆሮሽ ክዳን ሲገጠም ጧ ይላል። መኝታ ቤት ሆነሽ እንዳትሰሚኝ ላዩ ላይ ጣል አድርጌው እመለሳለሁ። በማግስቱ ቆሎው ይለሰልሳል።

አንቺ መጀመሪያ ዘይቱን አማሽ። ቀጥሎ የሽምብራ ዱቄት የሸጠልሽን ባለሱቅ። ከዚያ ራስሽን፤ "እጄ ተበላሸ" ብለሽ ያን ዕለት ምሳ ሳትበዪ ዋልሽ። ጉርድ ሾላ ተከራይተን ሳለን ሙያውን ያስተማረችሽ የህንዳዊው መምህር ሚስት "ሳይቀዘቅዝ አትክደኚው" ብላሽ ነበርና፣ ቆሎውን ትሪ ላይ አስጥተሽ ግማሽ ቀን ትጠብቂው ጀመር። እሱም አልረዳሽም። መጨረሻ ላይ ፊት ለፊታችን ያሉትን ወይዘሮ ታደለችን ጠረጠርሽ።

ቁልፋችን እሳቸው ዘንድ ነበር። እኛ በሌለንበት ውሃ ሲመጣ ገብተው በርሜላችንን የሚሞሉልን እሳቸው ነበሩ። "ውሃ ትሞላልኛለች ስል ቆርቆሮዬን ትበረብራለች!" አልሽ፤ አንቱታው ራሱ ያን ቀን ቀረ። ደረጃው ላይ፣ ሰው ሲወጣ ሲወርድ፣ "ቁልፌን" አልሻቸው። አንድ ቃል ሳይመልሱ ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡሽ። እኔ በሩ ክፍት ሆኖ ዳዊቴን ይዤ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ገጽ ገለጥኩ።

ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ተናግሬያለሁ። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ስለ ቁልፉ ግን አልነገርኳቸውም። ትንሿን ኃጢአት ይዤ ቀርቤ ትልቋን ቤት ትቻት ሄድኩ ማለት ነው።

ሁለት ዓመት ሳትነጋገሩ አንቺ አረፍሽ። ወይዘሮ ታደለች ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ጀርባ ተቀምጠው ሰሐን ሲያጥቡ ዋሉ። አንድም ሰው አላዘዛቸውም።

ቤታችን እንዳለ ነው። ሰፈራችን አያትም እንዳለች ናት፤ ውሃው የሚመጣው ሁልጊዜ እኔ ቅዳሴ ሳለሁ ነው። ስመለስ የጎረቤቱ በርሜል ሁሉ ሞልቷል፣ የኔ ቧንቧ እፍ ብሎ ዝም ይላል። የእጄን ነው ያገኘሁት እላለሁ፣ ጀሪካን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ግን መነጫነጤ አልቀረም።

ባዶ እጄን ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ አፈርኩና ቆሎውን ልሥራ አልኩ። ብርቄ፣ በጣም ነው ያማረርሽኝ! ልጃችን ምሕረት ተማሪ ሳለች አንቺ እየነገርሻት በደብተሯ የጻፈችውን አወጣሁ። ጨው እስኪበቃው። እርድ እስኪበቃው። ሚጥሚጣ እስኪበቃው። ለማን ነው የሚበቃው? ያ የህንዶቹ ቅጠል ስላልተገኘ በጥብስ ቅጠል መተካትሽን እንኳ አላስጻፍሽም፤ ከሽታው አስታውሼ ነው።

የመጀመሪያ ቀን የተዘፈዘፈውን ምስር በደንብ ሳላደርቅ ዘይት ውስጥ ጨመርኩት፣ ዘይቱ ተፈናጥሮ ክንዴን ጠበሰኝ። ሁለተኛ ቀን የሽምብራውን ሊጥ በምስማር በበሳሽው ጣሳ ልጨምቅ ስታገል፣ ክር ክር ሆኖ ይወርዳል የተባለው እንደ ትል ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በደረቴ ተጭኜ ማውረድ ስጀምር መብራት ጠፋ። ሦስተኛ ቀን ኦቾሎኒው አረረ። ምሕረት ከቡልቡላ ደውላ "አባዬ፣ ሱፐርማርኬት እኮ ታሽጎ ይሸጣል!" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት። በኋላ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እግረ መንገዴንም ስለ ክዳኑ ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቋርጣ፣ "እማዬ ግን ታውቅ ነበር?" አለችኝ። አታውቅም አልኳት።

በአራተኛው ቆሎው ቆሎ ሆነ። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ክዳኑን ጧ እስኪል ተጫንኩት።

ትናንት ጠዋት አንኳኳሁ። ይግቡ ሲሉኝ አልገባም ብዬ በራቸው ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጭብጡንም፣ ክዳኑንም፣ ዳዊቱንም። ወይዘሮ ታደለች አፋቸውን ከፍተው በጣታቸው አሳዩኝ።

"እኔ እኮ መንጋጋዬን ካስነቀልኩ ስንት ዘመኔ! ይህን ጠጠር በምኔ ልቆርጥመው?"

ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልተናገሩም ብላቸው፣ "ማን ጠየቀኝ?" አሉ።

ብርቄ፣ አንቺ አለመጠየቅሽ ንዴት ነው፤ ያልፋል። እኔ ግን መጠየቅም አያስፈልገኝም ነበር። መልሱ ከዳዊቱ ጀርባ ተቀምጦ ነበር።

ተቆጥተዋል፤ አልዋሽሽም። "እውነቱን ሳታውቅ መሄዷ ያንገበግበኛል፤ እህቴ ነበረች" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ቆርቆሮውን ግን ተቀበሉኝ። "ወቅጬ እንደ በሶ እበላዋለሁ፣ ምን አደርጋለሁ" አሉ።

በየዓመቱ በመታሰቢያሽ ቀን ይህን ቆሎ እሠራለሁ፤ መጀመሪያ የሚወቀጠው የእሳቸው ነው። ስምሽን በጸሎት ባነሳሁ ቁጥር ስማቸውን አስከትላለሁ፤ ሁለታችሁን የለየሁ እኔ ነኝና ቢያንስ በአፌ ላይ አብራችሁ ዋሉ።

ትናንት ልመለስ ስል ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። ጥቂት አዩት። ከዚያ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ባልሽ